የኮንትሮባንድ ኪስ

በልብስ ሰፊው ቤት፣ ከበሩ ጀርባ፣ ማንም ለብሶት የማያውቅ ኮት ተሰቅሏል። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ግዙፍ ደንበኛ ልኬቱን አስለክቶ፣ ቀብድ ከፍሎ ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። ኮቱ ግን ተሰፍቶ አለቀ። ወፍራም ግራጫ ሱፍ፣ ገበሩ የሚያንሸራትት፣ ትከሻው የቁም ሳጥን በር የሚያህል። የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ እየለበሰ ሞከረው፤ የለበሰው ሁሉ ኮቱ ውስጥ እየጠፋ በእጅጌው በኩል ተፈልጎ ወጣ። በመጨረሻ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ «ካልተለበሰ እንግዲህ ሥራ ይያዝ፤ እዚህ ቤት ሥራ ፈት አይሰቀልም» አለችና ገንዘብ ያዥ አደረገችው።

ኮቱ ስድስት ኪስ ነበረው። እሷ በየኪሱ አፍ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ጣል ጣል አደረገችበት። ቀዩ የቤት ኪራይ፣ አረንጓዴው አስቤዛ፣ ሰማያዊው የልጅቷ ትምህርት ቤት፣ ቢጫው መብራትና ውሃ፣ ነጩ ሕክምና። ስድስተኛው፣ በግራ በኩል በውስጥ ያለው፣ ሐምራዊ ክር ነበረው። «ይቺ የኔ ናት። እጅህን ብታስገባባት በራስህ መቀስ ነው የምቆርጥልህ» አለችው። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ ከኪስ ኪስ መዝለል የለም። አስቤዛ ካለቀ አለቀ፤ ኪራይን እየቆነጠሩ ሽንኩርት መግዛት ክልክል ነው።

የልብስ ሰፊ ገቢ መቼም የታወቀ ነው። አንድ ሰሞን ዩኒፎርም ይጎርፍና እግሩ ከፔዳሉ እጁ ከጨርቁ አይነሳም፤ ሌላ ሰሞን ሱሪ የሚያሳጥር እንኳ ይጠፋና ከፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቱ ጋር ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው አላፊ አግዳሚውን ሲያሙ ይውላሉ። የተገኘውን ቅዳሜ ከሰዓት ይደለድሉታል። እሱ ኮቱን በመስቀያው ይዞ ይቆማል፤ እሷ እየቆጠረች ትከታለች። ልጅቷ ኮቱን «ጋሼ» ብላ ስም አወጣችለት። አዲስ ጫማ ስትፈልግ «ዛሬ ጋሼ እንዴት ነው?» ትላለች። እናትየው ወደ በሩ ጀርባ ታያለች። «ጋሼ አሞታል፤ እስከ ወር መጨረሻ አይነሳም።» በዚህ ያበቃል። ከአባቷ ጋር የምትከራከር ልጅ ከጋሼ ጋር ተከራክራ አታውቅም።

ያን ዘመን ልብስ ሰፊው ዛሬ ሲያስታውሰው፣ እጥረቱ አይደለም የሚታየው። የሚታየው የቅዳሜ ከሰዓቱ ብርሃን ነው፤ በመስኮቱ ገብቶ የተቆራረጠው ጨርቅ ላይ የሚተኛው። ሦስት ሰው አንድ ኮት ከቦ ይስቅ ነበር። ሀብታም እንደነበሩ ያወቀው ዘግይቶ ነው።

ልጅቷ አሥር ዓመት በሞላት ጊዜ፣ በክረምት መግቢያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ የደብተር ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አላደረገችም፤ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ቦርሳሽ ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አለች እናቷ።

«ደብተር ነው እማዬ።»

«ደብተር ጅራት አለው?»

ቦርሳው ተከፈተ። ከውስጡ አንድ ጭቃ የተለቀለቀ፣ ጆሮው የተጣጠፈ ቡናማ ቡችላ ብቅ አለና የሒሳብ ደብተሩ ላይ ሸና።

«ይሄማ ኮንትሮባንድ ነው!» አለች ሚስቱ ወገቧን ይዛ። «ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ እዚህ ቤት አይገባም። ይብላ ቢባል ከየትኛው ኪስ ነው የሚበላው? ኪስ የለውም። ኪስ የሌለው አያድርም!»

የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። አባቷ አንጀቱ አልቻለም። ማሽኑ ጋ ተቀመጠ፤ ከተረፈ ገበር ላይ የመዳፍ ታህል ጨርቅ ቆረጠ፤ ኮቱን ከመስቀያው አውርዶ፣ ከውስጥ በታችኛው ጥግ በኩል፣ በጥቁር ክር ሰባተኛ ኪስ ሰፋለት። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም።

«ይኸው። ኪስ አለው» አለ።

ሚስቱ ቀረብ ብላ አየችው። «ስፌቱ ጠማማ ነው» አለች። ከዚያ ከመቀነቷ አንድ ሳንቲም አውጥታ ጣል አደረገችበት። ኮንትሮባንድ ስሙንም ዜግነቱንም ያን ቀን አገኘ።

ውሻ ማሳደግ ለውሻው ሳይሆን ለባለቤቱ ነው ሥራ የሚበዛው። ክትባት አለው፣ የትል መድኃኒት አለው፣ የቁንጫ ሳሙና አለው። ሚስቱ ለሥጋ ሻጩ ሽርጥ እየጠቀመች በለውጡ አጥንት ታመጣለች። ልብስ ሰፊውም በፊት በነፃ ይተክላት የነበረችውን ቁልፍ ሁሉ ማስከፈል ጀመረ፤ «ይቅርታ፣ ቤተሰብ ጨምረናል» እያለ። የቁልፏ ሳንቲም ወደ ጥቁሩ ኪስ ትገባለች። የሚገርመው፣ ከሰባቱ ኪስ ጎድሎ የማያውቅ ያ ጠማማው ነበር። ኪራይ ይጎድላል፣ አስቤዛ በወሩ አጋማሽ ይነጥፋል፤ የውሻው ግን ለክትባቱም ለመድኃኒቱም ሁልጊዜ ይበቃል።

«ያ ኪስ በረከት አለው» ይለው ነበር ፀጉር አስተካካዩን። «እኔ የሰፋሁት ነገር ሁሉ እንደሱ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ፎቅ ላይ ነበርኩ።»

ኮንትሮባንድ ሦስት ዓመት ሲሆነው ሞተር ብስክሌት ገጨው። ሚስቱ በሽርጧ ጠቅልላ ተሸክማው ሮጠች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ የውሻው የኋላ እግር በጀሶ ታስሯል፤ ሽርጧ ደም በደም ነው።

«ስንት አስከፈሉሽ?»

«የራሱ ኪስ በቃው።»

«አላልኩሽም? በረከት አለው!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያን ሳቋን ብዙ ጊዜ ያስታውሰዋል።

እሷ የቁልፍ ቀዳዳ ስትዘመዝም፣ ቁልፍ ስትተክል ነበር የምትውለው። እንደሷ ቀዳዳ የሚዘመዝም እጅ ከተማው ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን መርፌውን አንዴ አፍንጫዋ ሥር፣ አንዴ በክንዷ ርዝመት ማየት ጀመረች።

«ዓይንሽን ታይ እንጂ ሴትዮ!»

«ታይቻለሁ።»

«መነጽሩስ?»

«ይቆያል።»

«ይቆያል» የእሷ ቃል ነበር። ጫማሽ ተቀደደ ስትባል፣ ይቆያል። ጥርስሽን አስነቅይው ስትባል፣ ይቆያል። እሱም ለምዶት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጠዋት ጠዋት ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብታ የመርፌ ትራሷ ላይ ትደረድርላት ጀመር። እሱ ይሄን እያየ፣ ልጄን ሙያ እያስተማረችልኝ ነው ብሎ በልቡ ይኮራ ነበር። ወንድ ልጅ አንዳንዴ ዓይን እያለው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ጉድ ፈላ። ሙሽራ የሚሆን ደንበኛ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ሊወስድ መጣ፤ ቤት ውስጥ አየው፣ ወደደው፤ ደጅ ወጥቶ በፀሐይ ሲያየው ግን የቁልፍ ቀዳዳዎቹ በሙሉ በጥቁር ሰማያዊ ክር ነው የተዘመዘሙት። ለልብስ ሰፊ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። ጥቁሩን ከጥቁር ሰማያዊው መለየት የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው።

«ዓይንሽን ሸጠሽዋል እንዴ?» ብሎ ጮኸባት፣ በሙሽራውም በፀጉር አስተካካዩም ፊት።

ምንም አልመለሰችም። ልብሱን ተቀበለች፤ በሩ ላይ፣ ብርሃኑ ውስጥ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ፈትታ፣ ልጅቷ ክር እያስገባችላት እንደገና ዘመዘመችው። ኮንትሮባንድ እግሯ ሥር ተኝቶ ነበር። ለሙሽራው ልብሱ ለሠርጉ ደረሰለት። ልብስ ሰፊው ይቅርታ ሊላት አስቦ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፣ ዋለ፣ አደረ፣ ቀረ።

ልጅቷ አድጋ አግብታ ወጣች። ሚስቱ ከሦስት ዓመት በፊት በሁለት ሳምንት ሕመም አረፈች፤ ነጩ ኪስ ሳይነጥፍ። እሷ ጋሼን እንኳ ሳታስቸግር ሄደች።

ልብስ ሰፊውና ውሻው ቀሩ። ቅዳሜ ከሰዓት አሁን ኮቱን የሚይዘው ራሱ፣ የሚቆጥረውም ራሱ ነው። ኮንትሮባንድ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እንደ ተቆጣጣሪ ያያል። ሐምራዊውን ኪስ አልነካውም። የሰው ኪስ አይነካም፤ በተለይ መቀስ የተዛተበት ኪስ። ያስጨነቀው ጥቁሩ ነው። እሷ ከሄደች ወዲህ በረከቱ ተነሥቷል። የትል መድኃኒቱ ሲገዛ ክትባቱ ይጎድላል። «አያያዝ አላውቅም ማለት ነው» እያለ ራሱን ይወቅሳል።

ሰማያዊው ኪስ ትምህርት ቤቱ ካበቃ በኋላ ባዶ ሆኖ ስለነበር ሌላ ሥራ ሰጠው። የሚስቱ መቃብር ላይ ያለው ጣውላ ነው፤ በቀለም የተጻፈውን ስሟን ዝናብ አጥቦት የመጀመሪያ ፊደሏ ብቻ ቀርታለች። የድንጋይ ሐውልት አሠራልሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለ፣ ሰማያዊው ኪስ ውስጥ ሲያጠራቅም ቆየ። ዘንድሮ ሞላ። ድንጋይ ጠራቢው፣ «እስከ ወር መጨረሻ ካመጣህ በድሮው ዋጋ፤ ከዚያ በኋላ ግን ድንጋዩም ይወደዳል» አለው።

በዚያው ሳምንት ኮንትሮባንድ ምግብ ተወ። ሆዱ ሥር ቀድሞ የሎሚ ታህል እብጠት ነበረች፤ አሁን ብርቱካን አክላ አገኛት።

የእንስሳት ሐኪሟ የልጁ እኩያ ናት። ውሻውን ቀስ ብላ ዳሰሰችው። «አባባ፣ ይሄ መውጣት አለበት። ልቡ ጠንካራ ነው፣ ቀዶ ሕክምናውን ይችለዋል። ከሳምንት ካለፈ ግን ይፈነዳል፤ ያኔ እኔም አልደርስለትም።»

«ስንት ነው ልጄ?»

ነገረችው። እሱ ሒሳብ ሁሉ የሚገባው በሱሪ ሲመነዘር ነው፤ በልቡ መነዘረው። ዘጠና ሱሪ ማሳጠር። ጥቁሩ ኪስ ውስጥ ያለው የአሥራ አንድ ሱሪ ነው። ሰማያዊው ውስጥ ያለው የዘጠና አምስት።

«እስቲ ላስብበት» አለ። ውሻውን በልብስ መሸከሚያ ጋሪው ላይ አድርጎ እየገፋ ተመለሰ።

ፀጉር አስተካካዩ ከደጃፉ ሆኖ አየውና፣ «ምን አሉህ?» አለው። ነገረው።

«አብደሃል እንዴ? ለአሥራ አራት ዓመት ውሻ? በዚህ ገንዘብ ከነልጅ ልጁ ትገዛለህ!»

«አልወሰንኩም።»

«ምኑ ይወሰናል? የሚስትህ ድንጋይ ይበልጣል ወይስ የውሻ ሆድ?»

እውነት ነው፤ ሰው ሰው ነው፣ ውሻ ውሻ ነው። ገባና ለልጁ ደወለ።

«አባዬ፣ እኔ እልካለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ትንሽ ትንሽ...»

«አንቺ ጋ ያለውን አውቃለሁ ልጄ። ሁለት ሕፃን ይዘሽ አትላኪልኝ።»

«የእማዬስ ኪስ? አይተኸው ታውቃለህ?»

«የሰው ኪስ አይነካም።»

«አባዬ... ሦስት ዓመት ሆነ እኮ።»

ስልኩን ዘጋ። ኮንትሮባንድ ማሽኑ ሥር፣ እሷ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር አጠገብ ተኝቶ በዓይኑ ይከተለዋል። ልብስ ሰፊው ቆሞ አሰበ። ሐምራዊው ኪስ ውስጥ ምናልባት የዓመታት ቁጠባዋ ተቀምጦ ይሆናል። ውሻውም ይድናል፤ ድንጋዩም ይቆማል። ኮቱን አወረደ። «ይቅርታሽን ሴትዮ፤ መቀሱ እዚያ ነው ያለው» አለና እጁን ከተተ።

ገንዘብ አልነበረም። ወረቀት ነው የወጣው፤ በሐምራዊ ክር የታሰረ። ፈታው። የእንስሳት ሕክምና ደረሰኞች ናቸው። ክትባት። የትል መድኃኒት። ክትባት። የጆሮ ቁስል፣ መቼ እንደቆሰለ እሱ የማያውቀው። በዓመት በዓመቱ፣ አንዳንዱ የደበዘዘ፣ ሁሉም ተከፍሎ ማኅተም የተመታበት። ከሁሉም ሥር የተሰበረው እግር ደረሰኝ ነበር። የጀሶው፣ የመርፌው፣ የሁሉም ዋጋ ተጽፎበታል፤ ጥቁሩ ኪስ በሕይወቱ ይዞ የማያውቀው ገንዘብ ነው። ከሱ ጋር አንድ ላይ የታጠፈ ሌላ ወረቀት አለ። የዓይን ሐኪም የመነጽር ትእዛዝ። የሚስቱ ስም፣ የሁለቱ ዓይኖቿ ቁጥር፣ ቀኑ። ውሻው ከተገጨበት ቀን በሁለት ቀን ይቀድማል።

ልብስ ሰፊው ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። የመነጽሯን ገንዘብ ሰብስባ ሞልታ ነበር። ከዚያ ሞተር ብስክሌቱ መጣ። ከዚያም በኋላ በየዓመቱ፣ የሞላ በመሰላት ቁጥር፣ አንዱ ክትባት ወይ አንዱ ቁስል ይመጣል፤ እሷም ከሐምራዊው እያወጣች ወደ ጥቁሩ ታዘልለዋለች። በረከት ብሎ የሳቀበት ይሄ ነው። አሥሩ መርፌ ሙያ ማስተማር አልነበረም። የሙሽራውም ልብስ ግድየለሽነት አልነበረም። «ዓይንሽን ሸጠሽዋል እንዴ?» ብሎ በሰው ፊት ጮኾባታል። ለካ እውነቱን ነው፤ ሸጣዋለች፤ ለውሻ እግር። ዝም ያለችውም ለዚህ ነው።

ያን ቀን ሳይላት የቀረው ይቅርታ አሁን መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እንደ ልጅ አለቀሰ። ኮንትሮባንድ እንደምንም ተነሥቶ እያነከሰ መጣና አገጩን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ሕጉን ያወጣችው እሷ፤ የምታሻግረውም እሷ!» አለው ለውሻው አፍንጫውን እየጠረገ። «ዋናዋ ኮንትሮባንዲስት እናትህ ነበረች፤ እኔ አንተን ነው የጠረጠርኩት።»

በማግሥቱ ጠዋት ጋሪውን እየገፋ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ፣ «ወዴት?» አለው።

«ድንጋዩን ላስቆርጥ» አለና ወደ እንስሳት ሐኪሟ መንገድ ታጠፈ። ሰማያዊው ኪስ ባዶ ነበር።

ሐኪሟ፣ «አባባ፣ ስንት ዓመት እንደሚኖር ቃል ልገባልዎት አልችልም» አለችው።

«እኔም ቃል የሚገባልኝ የለም ልጄ። አንቺ ብቻ እጅሽ ይቅናሽ።»

ኮንትሮባንድ በአራተኛው ቀን ሆዱ ላይ አሥራ ሁለት ስፌት ይዞ ቤቱ ገባ። ልብስ ሰፊው መነጽሩን አድርጎ ስፌቱን መረመረ። «ቀጥ ያለ ነው፤ ከእኔ ትበልጣለች» አለ። ከዚያ ደረሰኙን ከኪሱ አወጣ፤ አራት አጠፈው፤ ከሌሎቹ ጋር በሐምራዊው ክር አስሮ ቦታው መለሰው። የመነጽሯን ትእዛዝ ግን ለብቻው ያዘና ሲያየው ቆየ፤ እሱንም ከላይ አድርጎ ከተተው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ብርሃኑ ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ተኝቷል። የኮቱን ትከሻ አቧራ አራግፎ ሰቀለው፤ ኮሌታውንም አስተካከለለት።

«ስሚ» አላት። «ሐውልቱ ይቆያል።»